የጨጓራ ሊምፎማ፦ ስሙ ሳይጣራ ሕክምናው አይጀመር

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ጨጓራ ውስጥ ስለሚገኝ የሊምፍ ሴሎች (የነጭ የደም ሴሎች ዓይነት) ክምችት። አንዱ ወረቀቱ ላይ «ሊምፎማ»፣ ማለትም የእነዚህ ሴሎች ካንሰር፣ ተብሎ ተጽፎለታል። ሌላዋ «አጠራጣሪ» ተብላለች። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ዛሬ ማንም የማይጽፈውን የድሮ ስም ይዞ ግራ ተጋብቷል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጸውን አውጥቻለሁ፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጨጓራዬን ለረጅም ጊዜ ሲያቃጥለኝ ቆይቶ ኢንዶስኮፒ ታየሁ፤ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ «አጠራጣሪ የሊምፍ ሴሎች ክምችት፤ ናሙና ቢደገም ይመረጣል» ይላል። ካንሰር አለብኝ ወይስ የለብኝም? ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

መልስ፦ ቁርጡን አለማወቅ አንዳንዴ ከመጥፎ ዜናም በላይ እንቅልፍ ይነሳል፤ ይገባኛል። ግን ያን ወረቀት የጻፈው ፓቶሎጂስት፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ሐኪም፣ እየሸሸዎት አይደለም። ያየውን ነው የጻፈው። በትንሽ ናሙና ተነስቶ «ካንሰር ነው» ከሚልዎ ይልቅ «ይደገም» ያለዎት ይሻላል።

ከሥሩ ልጀምር። ጤነኛ ጨጓራ ውስጥ የተደራጀ የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ የለም ማለት ይቻላል። ቶንሲል ውስጥ አለ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ አለ፤ ጨጓራ ውስጥ ግን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኤች ፓይሎሪ ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አውስትራሊያ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጨጓራ ሕመም ጋር ያገናኙት፣ በ2005 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ባክቴሪያ። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ጨጓራ ግድግዳ ይልካል። እነሱም እዚያው ይሰፍሩና ክብ ክብ ስብስብ ይሠራሉ። እስከዚህ ድረስ ካንሰር የለም፤ ሰውነት ራሱን እየተከላከለ ነው። ነገሩ ለዓመታት ሲቀጥል ግን ከእነዚህ ሴሎች አንደኛው መስመር ለብቻው መባዛት ሊጀምር ይችላል። ሊምፎማ የምንለው ያንን ነው። አንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ለዚህ ነው መሃል ላይ ያሉ ናሙናዎች የሚያስቸግሩት።

ፓቶሎጂስቱ የሚያየውን ላሳይዎ። ናሙናው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በጣም በስሱ ይቆረጥና በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ይነከራል። ተራ የጨጓራ ብግነት ከሆነ፣ የሊምፍ ሴሎቹ ስብስብ ድንበሩን ያወቀ ነው፤ መሃሉ ፈካ ያለ፣ ዙሪያው ጠቆር ባለ ቀለበት የተከበበ። ሊምፎማ ከሆነ ግን ከቀለበቱ ውጪ ሌሎች ሴሎች ይታያሉ፤ ትንንሽ፣ ኒውክለሳቸው ትንሽ ጎርበጥ ያለ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ። እነዚህ ይፈሳሉ። አሲድና ንፍጥ በሚያመነጩት ቱቦዎች መካከል ይገቡና ቦታውን ይሞሉታል፤ ከዚያ አልፈው የቱቦውን ግድግዳ ሰብረው ገብተው ያፈርሱታል። አንድ ቱቦ ላይ ብቻ ጥቂት ሴሎች ገብተው ቢታዩ በተራ ብግነትም ያጋጥማል። ብዙ ቱቦዎች ፈርሰው፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ በተመሳሳይ ሴሎች ጥቅጥቅ ብሎ ሲገኝ ግን ለመጠራጠር ብዙ ቦታ አይቀርም።

ይህንን በቁጥር ለመግለጽ ከ0 እስከ 5 የሚሄድ መለኪያ አለ፤ በ1993 ባቀረበው ሐኪም ስም የዎዘርስፑን መለኪያ ይባላል። 0 ጤነኛ ነው። 1 እና 2 የጨጓራ ብግነት ናቸው፤ 2 ላይ ክብ ስብስቦቹ በዝተው ይታያሉ። 5 ሊምፎማ ነው። 3 እና 4 ሁለቱም «አጠራጣሪ» ይባላሉ፤ 3 ወደ ብግነቱ ያዘነብላል፣ 4 ወደ ሊምፎማው። የእርስዎ ወረቀት ከሁለቱ አንዱን ማለቱ ይመስለኛል። የትኛውን እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም።

አሁን ስለ መድገሙ። ይህ በሽታ ጨጓራ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የመገኘት ጠባይ አለው፤ አንድ ሁለት ቁራጭ አይበቃም። ቢያንስ 10 ናሙና ከተለያየ ቦታ ይወሰድ፤ ከጨጓራው ታችኛው ክፍል፣ ከመሃሉ፣ ከላይኛው፣ ከጉሮሮ ቱቦው መገናኛና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ በተጨማሪም ያበጠ፣ የቆሰለ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ቦታ ካለ ከእሱ። በመቆንጠጫው የተጨፈለቀ ናሙና አይነበብም፤ ብዙ መውሰድ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ሌላው፣ ኦሜፕራዞል ወይም መሰል የአሲድ መቀነሻ የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነ ከምርመራው በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ኤች ፓይሎሪን ይደብቁታል። በተለምዶ የአሲድ መቀነሻው 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲኩ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቆማል። ግን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ፤ በተለይ የሚደማ ቁስለት ካለብዎ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ናሙና «ሊምፎማ ይመስላል» ከተባለ በኋላ «ተጨማሪ ማቅለሚያ ያስፈልጋል» ተብሎ ቆየ። ዝርዝሩ ሲዲ 20፣ ሲዲ 3፣ ሲዲ 5፣ ሲዲ 10፣ ሳይክሊን ዲ 1 ይላል። ሊምፎማ መሆኑ ከታወቀ ይህ ሁሉ ለምን? ጊዜ እየባከነባት አይደለም?

መልስ፦ አልባከነም። እንዲያውም ይህ ሥራ ሳይሠራ ኬሞ ቢጀመርላት ነበር የምደነግጠው።

«ሊምፎማ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ነው። የቤተሰቡ አባላት ማይክሮስኮፕ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ማቅለሚያዎቹ እያንዳንዱ ሴል ፊቱ ላይ ወይም ውስጡ የያዘውን ፕሮቲን ያሳያሉ። ቢ ሴልና ቲ ሴል ሁለት የሊምፍ ሴል ዓይነቶች ናቸው። ሲዲ 20 ሴሎቹ የቢ ሴል ዘር መሆናቸውን ይነግራል፤ ሲዲ 3 የቲ ሴሎችን። ጨጓራ ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ማልት ሊምፎማ የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የቢ ሴል ሊምፎማ ነው፤ እሱ ሲዲ 20 ይኖረዋል፣ ሲዲ 5፣ ሲዲ 10 እና ሳይክሊን ዲ 1 ግን አብዛኛውን ጊዜ አይኖሩትም። ሲዲ 5 እና ሳይክሊን ዲ 1 አብረው ከወጡ ማንትል ሴል ሊምፎማን እናስባለን፤ ይህ አንዳንዴ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ብዙ ትንንሽ ኪንታሮት መሰል እብጠት ይዞ ይመጣል፤ አካሄዱም ሕክምናውም የተለየ ነው። ሲዲ 10 ከወጣ ፎሊኩላር የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ከጨጓራ ይልቅ ትንሹን አንጀት ነው የሚመርጠው። የቲ ሴል ሊምፎማም አለ፤ ብዙ አያጋጥምም።

ካፓና ላምዳ የሚሉ ቃላትም ወረቀቱ ላይ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ቢ ሴሎች የሚይዟቸው የሁለት ፕሮቲኖች ስም ናቸው። ጤነኛ ስብስብ ውስጥ ሁለቱን የሚይዙ ሴሎች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ሁሉም አንዱን ብቻ ከያዙ ከአንድ ሴል የተባዙ ናቸው ማለት ነው። በጂን ምርመራም ይህንኑ ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ «ከአንድ ሴል የተባዛ» የሚል የጂን ውጤት ብቻውን ሊምፎማ አያሰኝም። በተራ ብግነት ላይም አልፎ አልፎ ይወጣል፤ አንዳንድ እውነተኛ ሊምፎማ ላይ ደግሞ ሳይወጣ ይቀራል። ማይክሮስኮፕ ላይ ከታየው ጋር ተገናኝቶ ነው የሚነበበው። የጂን ወረቀት ብቻ ይዞ ሕክምና የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ።

ጥያቄ፦ አባታችን ከብዙ ዓመታት በፊት ጨጓራቸው በከፊል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ነበር። የያኔው ወረቀት «ፕሲውዶሊምፎማ» ይላል፤ ያኔ «ካንሰር አይደለም» ተብለን ደስ ብሎን ነበር። አሁን ሐኪማቸው ወረቀቱን አይቶ ኢንዶስኮፒ ይሠራ አለ። ምን ተለወጠ?

መልስ፦ የተለወጠው ዕውቀቱ ነው። ድሮ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከጨጓራ የማይወጣ፣ ክብ ስብስቦችን የያዘ የሊምፍ ክምችት ሲታይ «ሊምፎማ የሚመስል ግን ያልሆነ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1983 ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት ማልት ሊምፎማን ለብቻው ለይተው ገለጹ። ማቅለሚያዎቹና የጂን ምርመራው እየተስፋፉ ሲሄዱ የድሮ ናሙናዎች እንደገና ታዩ፤ «ፕሲውዶሊምፎማ» ከተባሉት ብዙዎቹ ቀድሞውንም ማልት ሊምፎማ ሆነው ተገኙ። ስሙም ተተወ።

አትደንግጡ። አባታችሁ ይህን ያህል ዓመት መኖራቸው ራሱ በሽታው፣ ካለ፣ ዝግ ያለ ዓይነት መሆኑን ይናገራል። ግን ይህ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ልክ ነው። ቀዶ ሕክምናው የተሠራበት ቦታ ናሙናውን በሰም ውስጥ አስቀምጦት ከሆነ ጠይቁ፤ እንደገና ተቆርጦ ዛሬ ባለው ማቅለሚያ ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ የጨጓራ ማልት ሊምፎማ አለባት ተባለ። ቤተሰቡ ኬሞ ይጀመራል ብሎ ሲጨነቅ ሐኪሟ የ14 ቀን የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት ሰጥቶ ላካት። ካንሰር በአንቲባዮቲክ ይታከማል? አክስቶቼ «ችላ ብሏታል» እያሉ ነው።

መልስ፦ ለአክስቶችዎ ይንገሩልኝ፤ ችላ አላላትም። ይህ በዓለም ዙሪያ የሚመከረው የመጀመሪያ ሕክምና ነው፤ እኔ በበኩሌ ከማውቃቸው የሕክምና ግኝቶች ሁሉ የምወደው ነው።

የማልት ሊምፎማ ሴሎች፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዘመናቸው፣ ራሳቸውን የቻሉ አይደሉም። ኤች ፓይሎሪን የሚያውቁ ቲ ሴሎች በአጠገባቸው ሆነው «ተባዙ» የሚል ምልክት ይሰጧቸዋል። ባክቴሪያው ሲጠፋ ቲ ሴሎቹ ዝም ይላሉ፤ ማገዶ እንዳጣ እሳት ሊምፎማውም ይከስማል። በ1991 በነዚህ ሕሙማን ከ10 በ9ኙ ገደማ ጨጓራ ላይ ባክቴሪያው እንዳለ ታየ። በ1993 ደግሞ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ከጠፋላቸው 6 ሕሙማን የ5ቱ ሊምፎማ እንደከሰመ ታተመ። ሕሙማኑ ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ተረጋግጧል። በሽታው ጨጓራ ላይ ብቻ ካለ ከ4 ሰው 3ቱ ገደማ በዚህ ብቻ ይድናሉ። ከዚያ በፊት ለብዙዎቹ መልሱ ጨጓራን ቆርጦ ማውጣት ነበር፤ እስቲ አስቡት።

ግን ሐኪሟን ሦስት ነገር ይጠይቁት።

አንደኛ፣ በሽታው ምን ያህል ጠልቋል? በኢንዶስኮፒ ጫፍ ላይ በሚገጠም አልትራሳውንድ የጨጓራ ግድግዳ አምስት ንብርብር ሆኖ ይታያል። ላይኛዎቹ ላይ ብቻ ያለ ሊምፎማ ለአንቲባዮቲክ በደንብ ይታዘዛል፤ ጡንቻው ድረስ የዘለቀ ወይም በአቅራቢያው ያሉ ሊምፍ ኖዶችን (የሊምፍ ሴሎች የሚሰባሰቡባቸውን እጢዎች) የያዘ ግን የመታዘዝ ዕድሉ ይቀንሳል። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ ሲቲ ስካን ግን ሌላ ቦታ አለመድረሱን ለማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የክሮሞዞም ምርመራ ተሠርቷል? ከ4 ሕሙማን በአንዱ ገደማ የ11ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ከ18ኛው ቁራጭ ጋር ቦታ ተለዋውጦ ይገኛል። ይህ ያለባቸው ሴሎች ያለ ባክቴሪያው እርዳታም መኖር ይችላሉ፤ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበግራቸውም። ምርመራው ባይገኝም ሕክምናው ይጀመራል፤ ክትትሉ ግን ጠበቅ ይላል።

ሦስተኛ፣ ባክቴሪያው መጥፋቱ መቼ ይታያል? መድኃኒቱ ካለቀ ከ4 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ በኋላ፣ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። የደም ምርመራው ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ካልጠፋ በሌላ ቅንብር ይደገማል። መድኃኒቱ አፍን መራራ ያደርጋል፣ ሆድ ይበጠብጣል፤ እናትዎ መሃል ላይ እንዳያቋርጡ እባክዎ አጠገባቸው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ማልት ሊምፎማ ነበረብኝ። ባክቴሪያው ጠፍቷል ተብያለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ በተወሰደ ናሙና ግን «ቅሪት አለ» ተባለ። ሐኪሜ «እንጠብቅ» ይላል። ካንሰር ይዞ መጠበቅ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በሌላ ካንሰር ላይ ይህን ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔም አብሬህ እጮህ ነበር ወንድሜ። እዚህ ላይ ግን መጠበቅ ሕክምና ነው። ባክቴሪያው በሳምንታት ይጠፋል፤ ሊምፎማው ግን ለመክሰም ወራት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ። ቶሎ የቸኮሉ ሐኪሞች ሊድን የነበረውን ሰው ጨረር ውስጥ አስገብተውታል።

ዋናው ጥያቄ ቅሪት መኖሩ ሳይሆን አቅጣጫው ነው። ፓቶሎጂስቱ ያሁኑን ናሙና ከመጀመሪያው ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አለበት። የፈረንሳዮቹ ጌላ የሚባለው መለኪያ አራት መልስ አለው፦ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ጥቂት ስብስብ ብቻ ቀርቷል፤ አለ ግን እየቀነሰ ነው፤ ወይም አልተለወጠም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሆነ፣ አንተም ደህና ከሆንክ፣ በየ3 እስከ 6 ወሩ እየታዩ መጠበቅ ነው። የጂን ምርመራው ለዓመታት «አለ» ቢልም ማይክሮስኮፑ ንጹሕ ከሆነ ብቻውን አያስደነግጥ።

አልተለወጠም ወይም ብሷል ከተባለ ደግሞ አማራጭ ሞልቷል። በሽታው ጨጓራ ላይ ብቻ ከሆነ ከ24 እስከ 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የሚደርስ ቀላል ጨረር በጣም ጥሩ ውጤት አለው፤ ጨጓራህም አብሮህ ይኖራል። ሪቱክሲማብ የሚባል መርፌም አለ፤ ብቻውን ወይም ከኬሞ ጋር ይሰጣል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ ሊምፎማው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ኢንዶስኮፒው አይቆምም። ለዓመታት በባክቴሪያ የተጎዳ ጨጓራ ለሌላው፣ ለተለመደው የጨጓራ ካንሰርም የተጋለጠ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ዲፊውዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ» ተባለ፤ ጨጓራው ላይ ነው። አንድ ሐኪም «አደገኛው ማልት ነው» ሲል ሌላው «ማልት አይደለም» አለ። አንድ ዘመድ ደግሞ «ቶሎ ይቆረጥና ይውጣ» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ማልት አይደለም» ያለሽን ስሚ። ድሮ «ከፍተኛ ደረጃ ማልት» የሚባል ስም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጣው አከፋፈል እንዳይጻፍ ተደርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ማልት» የሚለውን ያነበበ ሐኪም አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ ሊያሰናብት ይችላል፤ ይህ በሽታ ደግሞ ያን ያህል አይታገስም። ማልት ውስጥ እዚህም እዚያም ጥቂት ትልልቅ ሴሎች ቢታዩ ችግር የለም። ትልልቆቹ አንድ ላይ ተሰብስበው ሜዳ ሲሠሩ ግን ስሙ ይለወጣል፤ ሕክምናውም አብሮ።

ሕክምናው ባብዛኛው አር-ቾፕ የሚባለው የኬሞና የሪቱክሲማብ ቅንብር ነው፤ ኤች ፓይሎሪ ካለም አብሮ ይታከማል። በዚህ የሚድኑ ብዙ ናቸው፤ ኃይለኛ ነው ማለት አይድንም ማለት አይደለም። ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መሠራቱን አረጋግጪ፤ የተኛው ቫይረስ ተነስቶ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። አልቆም ያለ ደም መፍሰስ፣ የጨጓራ መበሳት ወይም መዘጋት ሲመጣ ነው የሚታሰበው። ጨጓራ ማውጣት ቀሪውን ዕድሜ የሚከተል ነገር ነው፤ ዘመዳችሁ በፍቅር ነው ያለው፣ ግን ውሳኔው እዚያ ላይ አይሁን።

ዓይነትና ደረጃም አይምታቱብሽ። ዓይነቱን ማይክሮስኮፑ ይናገራል፤ ደረጃው ደግሞ የት የት እንደደረሰ ነው። ለጨጓራና ለአንጀት ሊምፎማ የምንጠቀምበት ሉጋኖ የሚባለው አከፋፈል ነው። 1ኛው ጨጓራ ላይ ብቻ ነው፤ 2ኛው ሆድ ውስጥ ያሉ ሊምፍ ኖዶች ጋ ደርሷል፤ ወደ ጎረቤት አካል ከዘለቀም በዚሁ ሥር ለብቻው ይመዘገባል፤ 4ኛው ከሆድ ውጪ ወይም መቅኔ ድረስ ሄዷል። 3ኛ ደረጃ በዚህ አከፋፈል የለም፤ ወረቀቱ ላይ ካጣሽው የተዘለለ እንዳይመስልሽ። ለእሱ ዓይነት ሊምፎማ ፔት ስካን ከተገኘ ጠቃሚ ነው፤ ለማልት ግን ብዙ ጊዜ በደንብ ስለማያሳይ እንዲህ አንተማመንበትም።

ጥያቄ፦ ሚስቴ በኤች ፓይሎሪ ምክንያት ሊምፎማ ያዛት። ወደ እኔና ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል?

መልስ፦ ሊምፎማው አይተላለፍም። ባክቴሪያው ግን ይተላለፋል፤ ብዙ ሰው የሚይዘውም በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ነው። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ቁጥር በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ነው፤ ከእነሱ ሊምፎማ የሚይዘው በጣም ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዘው ወደ ኢንዶስኮፒ አይሩጡ። ሕመም የሚሰማው ሰው ካለ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ይበቃዋል፤ ባክቴሪያው ከተገኘ በሐኪም ትእዛዝ ይታከም። ያለ ምክንያት ክብደት የቀነሰ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰ፣ ምግብ ሲውጥ የሚተናነቀው ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን የሰገራ ምርመራ ላይ አይቁም፤ ኢንዶስኮፒ ይታይ፣ ናሙናም ይወሰድለት።